ተቃኝቶም የሚዛባ ዩኩሌሌ፦ ስለ ኢንቶኔሽን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቲዩነሩ፣ የክሩን ድምፅ የሚለካው መቃኛ፣ አራቱንም ክሮች አረንጓዴ ያበራላቸዋል። ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ሲያዝ ግን ድምፁ ጆሮ ይቆረቁራል። እንደገና ይቃኛል፣ እንደገና ያው ነው። ዩኩሌሌን፣ ያቺን ጊታር የምትመስል ባለ አራት ክር ትንሽ መሣሪያ፣ የጀመረ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል እዚህ ጋ ይደርሳል። ብዙዎች የሚጠራጠሩት የገዛ ጆሯቸውን ነው። ጆሯቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ችግሩ በአብዛኛው ከጣት፣ ከክር ወይም ከነት (ክሮቹ አንገቱ ጫፍ ላይ ከሚያልፉበት ቁራጭ) አያልፍም። ሳድልና ብሪጅ ላይ፣ ማለትም ሳጥኑ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበትና የሚታሰሩበት ክፍል ላይ፣ እጃችሁን ከማሳረፋችሁ በፊት እነዚህን ሦስቱን ጨርሱ። ወጪያቸውም ትንሽ ነው።

ኢንቶኔሽን ከመቃኘት በምን ይለያል?

መቃኘት ክፍት ክሩን ይመለከታል። ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ብላችሁ አራቱን ታስተካክላላችሁ፣ አለቀ። ኢንቶኔሽን የሚባለው ክሩን ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከለ ብረት) ላይ ስትጫኑት የሚወጣው ድምፅ ልክ መሆን አለመሆኑ ነው። ክራር ለለመደ ሰው ይህ ጣጣ እንግዳ ነው። የክራር ክር በአብዛኛው የሚሰጠው የተቃኘበትን አንድ ድምፅ ነው። ማሲንቆ ላይም ጣት ቦታውን በጆሮ እየፈለገ ያርማል። ዩኩሌሌ ላይ ግን ፍሬቱ ተተክሎ ያለቀለት ነገር ነው። የተዛባ ከሆነ ጣት ብዙም አያድነውም።

መለኪያው ሴንት ይባላል። በሁለት ጎረቤት ፍሬቶች መካከል 100 ሴንት አለ። 5 ሴንት ቢዛባ ብዙ ሰው ልብ አይልም። 10 ሲደርስ ኮርድ ውስጥ መሰማት ይጀምራል። 20 ከደረሰ ከጎረቤት ክፍል የተቀመጠ ሰውም ያውቅባችኋል።

ችግሩ በርግጥ መኖሩን እንዴት ልፈትሽ?

የዩኩሌሌው ራስ ላይ የሚሰካ ቲዩነር ካላችሁ ጥሩ። የስልክ አፕም ይሠራል፣ ጫጫታ ባለበት ቤት ግን ያሳስታል። ኤ 440 ሄርትዝ ላይ መሆኑን እዩ። አንዳንድ አፕ ላይ ሳይታወቅ 432 ተመርጦ ይገኛል። ይህ ኢንቶኔሽኑን አይነካም፤ ከሌላ ሰው ጋር ስትጫወቱ ግን ያሳፍራችኋል።

ክፍት ክሩን ከታች ወደ ላይ እያጠበቃችሁ ቃኙት። ካለፋችሁት አላልታችሁ እንደገና ውጡ። ከላይ ወደ ታች ያወረዳችሁት ክር ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይላላል።

አሁን 12ኛው ፍሬት ላይ ሁለት ነገር አድርጉ። መጀመሪያ ክሩን ሳትጫኑ፣ ልክ ከፍሬቱ ብረት አናት ላይ በጣት ነካ አድርጋችሁ ምቱና ጣታችሁን አንሱ። ቀጭንና የጠራ ድምፅ ይወጣል፤ ሃርሞኒክ የሚሉት እሱን ነው። ቀጥሎ እዚያው ፍሬት ላይ እንደ ወትሮው ተጭናችሁ ምቱ። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ተጭናችሁ የመታችሁት ከፍ ካለ፣ የሚርገበገበው የክሩ ርዝመት አጥሯል። ዝቅ ካለ ረዝሟል።

የቲዩነሩን መርፌ ክሩ እንደተመታ አታንብቡ። ክር ሲመታ ለቅጽበት ከፍ ይልና ይረጋል። በአውራ ጣት ሥጋ፣ ለስለስ አድርጋችሁ፣ ሁሌም በእኩል ኃይል ምቱ።

12ኛው ላይ ብቻ አትቁሙ። 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛና 7ኛ ፍሬትን በአራቱም ክር ለኩና ወረቀት ላይ ጻፉት። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ጥፋተኛውን የሚያወጣው ያ ወረቀት ነው።

ወረቀቱን እንዴት ላንብበው?

1ኛና 2ኛ ፍሬት ላይ 15 ወይም 20 ሴንት ከፍ ብሎ፣ ወደ ሳጥኑ ስትጠጉ እየቀነሰ፣ 12ኛው ላይ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የነት ነው። ነት ማለት ከመቃኛ ቁልፎቹ በታች፣ ፍሬቶቹ ከመጀመራቸው በፊት ያለው አራት ቦይ ያለው ቁራጭ ነው። ቦዩ በቂ ጥልቀት ከሌለው ክሩ ከ1ኛው ፍሬት ርቆ ይንሳፈፋል። ስትጫኑት ረጅም መንገድ ይወርዳል። ሲወርድ ይወጠራል። የተወጠረ ክር ደግሞ ድምፁ ወደ ላይ ይሄዳል። በርካሽ ዩኩሌሌዎች ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። የነት ቦይ አንድ በአንድ ማስተካከል ጊዜ ይፈጃል፤ ከፍ ያለ ነት ደግሞ ዝዝ ስለማይል ሱቅ ውስጥ ሲሞከር ችግሩ አይታወቅም።

1ኛው ፍሬት ደህና ሆኖ ወደ 12ኛው እየጨመረ ከሄደ ሳድሉን ወይም የክሩን ውፍረት ጠርጥሩ። ክሩ ከፍሬቶቹ ከመጠን በላይ መራቁም ያንኑ ያመጣል። 12ኛው ላይ ከብረቱ አናት እስከ ክሩ ድረስ ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል።

የተዛባው አንድ ክር ብቻ ከሆነ ክሩን ጠርጥሩ። አንድ ፍሬት ላይ አራቱም ክሮች ከተዛቡ ፍሬቱን፤ ወይ ከቦታው ተነስቷል ወይ ሲተከል ስቷል። በለካችሁ ቁጥር የተለየ ውጤት የሚመጣ ከሆነ ግን መሣሪያውን ተዉትና ጣታችሁንና የክሩን መርጋት እዩ።

ነቱ መሆኑን ማረጋገጥ የፈለገ ሰው ካፖ (ክሮቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) ይዋስ። 1ኛው ፍሬት ላይ አስሩትና ክሮቹን ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጋችሁ ቃኙ፤ ኤ ፍላት፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ቢ ፍላት (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)። አሁን ነቱ ከጨዋታ ወጥቷል። ኮርዶቹ ድንገት ካማሩ ጥፋተኛው ተገኘ።

ትዝታ ስጫወት ያምራል፣ አምባሰል ላይ ግን ይበላሻል። ለምን?

በጣም የምወደው ጥያቄ ነው። ሜጀሩን ትዝታ ከሲ ስትጀምሩት ድምፆቹ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ናቸው። የዩኩሌሌ ክፍት ክሮች ደግሞ ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ። ከአምስቱ አራቱ ያለ ጣት ይገኛሉ ማለት ነው። የሚቀረው ዲ ብቻ ነው፤ እሱም ሲ ክር 2ኛ ፍሬት ላይ አለ። ክፍት ክር የነት ከፍታ አያዛባውም። ስለዚህ ነቱ ቢበላሽም ትዝታ ይሸፍንለታል።

አምባሰልን ከሲ ስትጀምሩት ግን ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ይሆናል። ዲ ፍላት ያለው ሲ ክር 1ኛ ፍሬት ላይ ነው። ኤፍ ኢ ክር 1ኛ ፍሬት። ኤ ፍላት ጂ ክር 1ኛ ፍሬት። ሦስቱም ነቱ ሥር ተኮልኩለዋል። ሲ እና ጂ ክፍት ስለሆኑ በቦታቸው ይቆማሉ፣ ሦስቱ ወደ ላይ ይሸሻሉ፣ ቅኝቱ ይጣመማል። ሱቅ ገብታችሁ ዩኩሌሌ ስትመርጡ አምባሰል ሞክሩ። ከዚህ የሚበልጥ የነት መፈተሻ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን አለ። ከክራር ወይም ከዘፋኝ ጉሮሮ የለመዳችሁት አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከፒያኖ ድምፅ ጋር በሴንት ላይገጥም ይችላል። ቲዩነሩ ዜሮ እያሳየ ጆሯችሁ ካልረካ፣ ዩኩሌሌው የራሱን ሥራ ሠርቷል።

አጫጫኔ ሊሆን ይችላል?

ይችላል፣ ያውም በደንብ። የዩኩሌሌ ክር ለስላሳና አጭር ነው። ጠበቅ አድርጋችሁ ስትጫኑት ወይም ወደ ጎን ስትስቡት 10 ሴንት መውጣት ለሱ ምንም አይደለም። የብረት ክር ጊታር የለመደ እጅ በተለይ ይጎዳዋል። ጣታችሁን ከፍሬቱ ብረት ጀርባ ጠጋ አድርጉ። ዝዝ እስኪል አላሉ፣ ከዚያ ዝዝታው እስኪጠፋ ብቻ ጨምሩ። የሚያስፈልገው ኃይል ያ ነው።

ዲ ኮርድ ብቻ ካስቸገራችሁ መልሱ እዚሁ አለ። ሦስት ጣት አንድ ፍሬት ውስጥ ሲጋፋ ክሮቹ ወደ ጎን ይገፋሉ። በአንድ ወይም በሁለት ጣት ለመያዝ ሞክሩና ልዩነቱን ስሙ።

አዲስ ክር ቀየርኩ፣ ጭራሽ ባሰበት።

የዩኩሌሌ ክር ናይለንም ሆነ ፍሎሮካርቦን የሚባለው ቁስ፣ አዲስ ሲሆን ለቀናት ይለጠጣል። ቃኙት፣ መሀሉን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጉት፣ እንደገና ቃኙት። ሳይረጋ ኢንቶኔሽን መለካት ጊዜ ማባከን ነው። ብሪጁ ላይ ያለው ቋጠሮ እየተንሸራተተ እንዳይሆንም እዩ።

ከረጋ በኋላም አንዱ ክር ብቻ አልስተካከል ካለ፣ ሲመረት ውፍረቱ እኩል አልወጣ ይሆናል። ፈትታችሁ ገልብጡት፤ ብሪጁ ጋ የነበረው ጫፍ ወደ ቁልፉ ይሂድ። አንዳንዴ ይድናል። ካልዳነ ጣሉት። አሮጌ ክርም እንዲሁ ነው። ከሥሩ በጥፍር ዳብሱት፤ ፍሬቶቹ ያረፉበት ቦታ ከጎደጎደ ዘመኑ አልፏል።

ሲ ክር ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ

የሁሉም ሰው ሲ ክር ነው የሚያስቸግረው። ከአራቱ ወፍራሙ እሱ ነው፤ ወፍራም ክር ግትር ነው፣ ሲጫኑትም ድምፁ ይበልጥ ይሸሻል። ሶፕራኖ (ከተለመዱት የዩኩሌሌ መጠኖች ትንሹ) ላይ ደግሞ ርዝመቱ አጭር ስለሆነ ያንን ዝቅተኛ ድምፅ ለማውጣት ክሩ መላላት አለበት። ግትርም ልልም ሲሆን ምን ይጠበቃል?

ፍሎሮካርቦን ሞክሩ። ቁሱ ከናይለን ስለሚከብድ ያንኑ ድምፅ በቀጠነ ክር ይሰጣል። በብዙ የፍሎሮካርቦን ክሮች ሲው 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ድምፁ ከናይለን ጠራና ደመቅ ይላል። ይህን የማይወድ አለ፣ የጣዕም ጉዳይ ነው። እኔ ሶፕራኖ ላይ ከፍሎሮካርቦን ውጭ አልመክርም። የዩኩሌሌ ክር በማይገኝበት ቦታ ብዙ ተጫዋቾች የዓሣ ማጥመጃ ፍሎሮካርቦን ቆርጠው ይገጥማሉ። ይሠራል፣ ውፍረቱን ብቻ አስተካክላችሁ ምረጡ። የጊታር የብረት ክር ግን በፍጹም! ብሪጁን ከነሰሌዳው ሊነቅለው ይችላል።

ጂውን ዝቅ ባለው ኦክታቭ ለምትፈልጉ፣ ሽቦ የተጠቀለለበት ክር ካልተጠቀለለው ወፍራም ክር ይሻላል፤ ቀጭን ስለሆነ የሚዛባው ያነሰ ነው።

ነቱን ራሴ መሞረድ እችላለሁ?

ትዕግሥት ካላችሁ አዎ። መጀመሪያ ግን ለኩ። ክሩን 3ኛው ፍሬት ላይ ተጫኑና 1ኛው ፍሬት አናት ላይ አጎንብሳችሁ እዩ። በክሩና በብረቱ መካከል ቀጭን ወረቀት የሚያሳልፍ ያህል ክፍተት ሊኖር ይገባል። ከዚያ ከሰፋ ነቱ ከፍ ብሏል። ክሩ ብረቱ ላይ ከተኛ ዝቅ ብሏል፤ እንዳትነኩት።

የነት ሞረድ ለብቻው ይሸጣል፣ ዋጋው ግን ከአንዳንድ ዩኩሌሌ ይበልጣል። ብዙዎች የሚጠቀሙት የጋዝ ብየዳ አፍንጫ ማጽጃ የሆኑትን ቀጫጭን ባለ ጥርስ ሽቦዎች ነው። የብየዳ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ጠይቁ። ከክሩ ውፍረት በትንሹ ብቻ የሚበልጠውን ምረጡ። ክሩን አላልታችሁ ከቦዩ አውጡት። ሞረዱን ወደ ቁልፎቹ በኩል ዘንበል አድርጉት። ይህ ማዘንበል ዋና ነገር ነው። ክሩ ነቱን መልቀቅ ያለበት ከፍሬቶቹ በኩል ባለው ጠርዝ ላይ ነው። ቦዩ ወደ ኋላ ከፍ ብሎ ከቀረ ክሩ ዝዝ ይላል፣ ኢንቶኔሽኑም ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ሁለት ሦስት ጊዜ ሞርዱ። ክሩን መልሱ። ቃኙ። 1ኛውን ፍሬት ለኩ። እንደገና ሁለት ሦስት ጊዜ። በአንድ መቀመጫ አራቱንም ለመጨረስ የቸኮለ ሰው ነው ነት የሚያበላሸው።

ስትቃኙ ክሩ «ጢክ» እያለ የሚዘል ከሆነ ቦዩ ይዞታል። በእርሳስ ጫፍ ውስጡን ቀባ ቀባ አድርጉት።

አበዛሁትና ክፍት ክሩ ዝዝ አለ

ቦዩ ውስጥ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱና አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ጣሉበት። ወዲያው ይጠነክራል። ከዚያ እንደ አዲስ መሞረድ ነው። ዙሪያውን በፕላስተር ሸፍኑ፣ ሙጫው ቀለሙን ይበላል። ለዘለቄታው አዲስ የአጥንት ነት ማስገባት ይሻላል።

ሳድሉን ማስተካከልስ?

ሳድል ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ቀጭን ቁራጭ ነው። በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ በብሎን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል። ዩኩሌሌ ላይ አይንቀሳቀስም፤ ያለው አማራጭ ክሩ የሚያርፍበትን ጠርዝ ቅርጽ መቀየር ነው።

ሒሳቡን እዩት። የሶፕራኖ ክር ከነት እስከ ሳድል 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የማረፊያው ጠርዝ 1 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ሲሄድ 12ኛው ፍሬት ላይ 5 ሴንት ያህል ይቀንሳል። የሳድል ወርድ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ብትጠቀሙበት የምታተርፉት 10 ሴንት ገደማ ነው። 12ኛው ላይ 25 ሴንት ከፍ ያለን ዩኩሌሌ በሳድል ብቻ አድናለሁ ማለት አያዋጣም።

ለ10 ሴንት ግን ይበቃል። ሳድሉን አውጡ። ክሩ ከፍ የሚል ከሆነ ፊት ለፊቱን፣ ማለትም የፍሬቶቹን ጎን፣ በሞረድ አዘንብላችሁ ማረፊያውን ወደ ኋላ ግፉት። ዝቅ የሚል ከሆነ የኋላውን። ብዙ ጊዜ ይህን የሚፈልገው ሲ ክር ብቻ ነው። ክሮቹ ከመጠን በላይ ከፍ ብለው ከሆነ ደግሞ የሳድሉን ታች ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በዘረጋችሁት ብርጭቆ ወረቀት ፍቁት። 12ኛው ላይ 1 ሚሊ ሜትር ለማውረድ ከሳድሉ 2 ሚሊ ሜትር መውጣት አለበት። ከመፋቃችሁ በፊት በእርሳስ ምልክት አድርጉ።

ብሪጁ ቦታውን ስቶ ቢሆንስ?

ከነቱ እስከ 12ኛው ፍሬት ለኩ። ከ12ኛው እስከ ሳድሉም ለኩ። ሁለተኛው ከአንደኛው ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢረዝም ጤነኛ ነው፤ ስንጫን የሚጨመረውን ውጥረት የሚያካክሰው እሱ ነው። እኩል ከሆኑ ወይም ሁለተኛው ካጠረ ብሪጁ ወደ ፊት ተለጥፏል። በርካሽ ዩኩሌሌ ላይ ይህን አግኝታችሁ ከሆነና ዋስትናው ካላለፈ መልሱት። ብሪጅ ነቅሎ እንደገና መለጠፍ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ዋጋውም ከርካሽ ዩኩሌሌ ጋር ሲነጻጸር ትርጉም አይሰጥም።

ትልቅ ዩኩሌሌ ብገዛ ይሻለኛል?

ለኢንቶኔሽን ብቻ ከሆነ አዎ፣ ትንሽ ይሻላል። ከሶፕራኖ ከፍ የሚለው ኮንሰርት ክሩ 38 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያ የሚተልቀው ቴነር 43 ገደማ ነው። ክሩ ሲረዝም ያቺው የ1 ሚሊ ሜትር ስህተት ጉዳቷ ይቀንሳል፣ ለጣትም ቦታ ይገኛል። ግን ሶፕራኖ የዩኩሌሌ የመጀመሪያ መልኩ ነው። በ1879 (እ.ኤ.አ.) ከማዴራ ደሴት በመርከብ ሆኖሉሉ የደረሱ ፖርቱጋላውያን ይዘዋት ከመጡት ማሼቴ ከምትባል ትንሽ መሣሪያ ነው የተገኘው። ያ ጮክ ያለ አጭር ድምፁ ቴነር ላይ የለም። ድምፁን ከወደዳችሁት ለ5 ሴንት ብላችሁ አትተዉት።

የአየር ጠባይ ይነካዋል?

እውነተኛ እንጨት ከሆነ ይነካዋል። ደረቅ አየር እንጨቱን ያኮማትራል፤ የፍሬት ጫፎች እጅ መውጋት ከጀመሩ ምልክቱ ያ ነው። እርጥበት ሲበዛ ደግሞ ሰሌዳው ያብጥና ክሮቹን ከፍ ያደርጋል። ከ45 እስከ 55 በመቶ እርጥበት ይስማማዋል። የአዲስ አበባ በጋ፣ የአሜሪካ ክረምት ማሞቂያ፣ የዱባይ ኤሲ ሁሉም ያደርቃሉ። መያዣው ውስጥ በቀዳዳ ፕላስቲክ ያለ እርጥብ ስፖንጅ ይበቃል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ግን አትተዉት፣ ሙጫው ይለቃል።

ሁሉን አስተካከልኩ። ሲ ኮርድ ያምራል፣ ጂ ኮርድ ግን አሁንም ይቆረቁራል።

ምናልባት በጆሮ ሲ ኮርድን እያሳመራችሁ ቃኝታችሁ ይሆናል። ዛሬ የምንጠቀምበት አቃኘት ኦክታቩን ለ12 እኩል ይከፍላል። በዚህ አከፋፈል የሜጀር ኮርድ ሦስተኛ ድምፅ፣ ጆሮ ፍጹም ንጹህ ከሚለው በ14 ሴንት ከፍ ይላል። ሲ ኮርድ ላይ ያ ሦስተኛ ድምፅ ኢ ክር ነው። ጆሯችሁ እንዲረካ ኢውን ትንሽ ታወርዱታላችሁ። ከዚያ ጂ ኮርድ ስትይዙ ኢ ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ጂ ይሆናል፣ ከጎኑ ደግሞ ክፍቱ ጂ ክር አለ። ሁለቱ አንድ ድምፅ መሆን ሲገባቸው ይጣላሉ።

ስለዚህ ከቲዩነር በኋላ እነዚህን ሦስት ጥንዶች ስሙ። ኢ ክር 3ኛ ፍሬት ከክፍት ጂ ጋር። ጂ ክር 2ኛ ፍሬት ከክፍት ኤ ጋር። ሲ ክር 4ኛ ፍሬት ከክፍት ኢ ጋር። ሦስቱም ሳይርገበገቡ አንድ ከሆኑ ዩኩሌሌው ደህና ነው። የቀረችው ቅንጣት መቆርቆር በሁሉም ባለ ፍሬት መሣሪያ ላይ አለች፣ በውዱም ላይ።

ባለሙያ ጋ መቼ ልሂድ?

አንገቱ ከተጣመመ፣ ፍሬት ከተነቀለ፣ ብሪጁ መነሳት ከጀመረ ወይም ሰሌዳው ካበጠ። ብዙ ዩኩሌሌ አንገቱ ውስጥ ማስተካከያ ዘንግ ስለሌለው ጥመቱ ቤት ውስጥ አይቃናም። የጊታር ጠጋኝ ሁሉ ዩኩሌሌ አያውቅም፤ ስትሄዱ የለካችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ነቱን ብቻ ከሆነ የምታሠሩት፣ ወደፊት የምትጫወቱበትን ክር ገጥማችሁና አርግታችሁ ውሰዱት፤ ቦዩ የሚቆረጠው በክሩ ልክ ነውና።